ሐዘንተኛው ቤት ሻጭ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አይወድልኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ተከራይቶ ኖረ። «ልጆችህ ይጮኻሉ» ተብሎ ወጣ። «ወንድሜ ሊገባበት ነው» ተብሎ ወጣ። በአራተኛው ቤት መረረውና ያለ የሌለውን አሰባስቦ ቤት ሊገዛ ተነሣ።

አገኘም። ከተማው ዳር ነው፤ ሰፈሩ አዲስ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። ቤቱን ሊያይ ሲገባ ሻጩ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ የተደረገበት የሴት ፎቶ አለ።

«ባለቤቴ ናት» አለ ሻጩ። «እናቷን ላስታምም ብላ አርባ ምንጭ ሄዳ እዚያው ቀረችብኝ። እዚህ ቤት መኖር አቃተኝ።»

ሰፊው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቤት ሊያይ የሄደው ሰውዬ ለቅሶ ደርሶ ተመለሰ! ጓዳውን እንኳ አላየም። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ፣ ዓይኑን ጠርጎ ወጣ።

ውሉ የተጻፈው እዚያው ሳሎን፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ነው። ሻጩ «አርባዋን ላውጣና ውልና ማስረጃ ሄደን እንጨርሰዋለን» አለ። ይሄኔ የሰፊው ሚስት የሺመቤት ቀስ ብላ፣ «የሞት ማስረጃ የሚባል ነገር የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቆጣት። «አንቺ! ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ይባላል?» አላት። ደንግጣ ጥያቄዋን ተወች።

ያ ሽማግሌ ማን ነው? እኔ ነኝ፣ ወገኖቼ። እኔ ነኝ! የውሉ ምስክርም ሆኜ ፈርሜያለሁ።

ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ወጣ፤ እነሱ ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የሺመቤት ልብስ ስታሰጣ የግቢው በር በቁልፍ ተከፈተ። ሻንጣ የያዘች ሴት ገባች። የሺመቤት ፊቷን አየችና እሪ አለች። የፎቶዋ ሴትዮ ናት!

«እናንተ እነማን ናችሁ? ቤቴ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አለች ሴትዮዋ። ወይዘሮ ዝናሽ ትባላለች። እናቷ ስለተሻላቸው ወደ ቤቷ መመለሷ ነው።

እኔን በስልክ ጠሩኝ። ሄድኩ። ነፍስ ይማር ያልኩላት ሴት ቆማ ታየኛለች! በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርናት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ፣ ለቅሶዬን ደርሰዋል። ታዲያ የት ነው የተቀበረችው ብለው እንኳ አልጠየቁም?»

ቤቱ የባልና የሚስት ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ አይሸጥም። ባልየው ደብዛው ጠፍቷል። ሰፊውና የሺመቤት ልጆቻቸውን ይዘው እንደገና ኪራይ ቤት ገብተዋል፤ ክሱም ገና አላለቀም።

እንዴት እንዲህ ሆንን? ሦስት ሽበታም ሽማግሌዎች አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አፈርን! ርኅራኄ መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው ግን «ምን ይሉኛል» ነው አፋችንን የያዘው። ጠይቃ ልታድነን የነበረችውን ሴት ደግሞ እኛው ዝም አሰኘናት። ይኼ ነው የሚያስደነግጠኝ፤ የሌባው ሥራስ የሌባ ነው።

እናንተስ? ቤት ልትገዙ ቀብድ ያዘጋጃችሁ አላችሁ። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እገዳ ይኖርበት እንደሆነ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቃችኋል? ወይስ «የማኅበራችን ሰው ነው» ብላችሁ ተዋችሁት? ተከራዮችስ፣ ቁልፍ የሰጣችሁ ሰው ራሱ ተከራይ አለመሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አከራዮች፣ እናንተም ውል በጽሑፍ ይሁን ስትባሉ አትኩረፉ። የሚጠይቃችሁ ሰው አልሰደባችሁም፤ ልጆቹን የሚያሳድርበት ጣሪያ ነው የፈለገው። እግዚአብሔር እውነትን ይወዳል፤ እውነት ደግሞ ቢጠየቅ አይቀየምም።

እኔም ፊታችሁ ቃል ልግባ። ከእንግዲህ ለቤት ውል ምስክር ሁን ብላችሁ ብትጠሩኝ እመጣለሁ። ግን አስቀድሜ ከሻጩ ሚስት ጋር አገናኙኝ እላለሁ። ሞታለች ካላችሁኝም፣ መቃብሯ ድረስ ትወስዱኛላችሁ።