ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ

አንድ ገበሬ ነበረ። የቤቱን ምሰሶ ምስጥ በልቶት፣ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለበት ሰው ነው። አንተ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነህ «ችግኙ ጸድቆ ሳለ ደርቋል ብንልና እርዳታው ቢቀጥል ማንን ይጎዳል?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው ስለ እሱ የምነግርህ። ዝም ብለህ ስማኝ፤ ራስህን አትነቅንቅብኝ!

አገሩ ተራቁቶ ስለነበር ሰውየው ለምሰሶ የሚሆን እንጨት ከየትም አያገኝም። ሚስቱም እርሻው ላይ መበተን የነበረበትን ፍግ ኩበት አድርጋ ታነዳለች። እንዲህ ሳሉ እርዳታ መጣ። ለማገዶም ለቤት መሥሪያም የሚሆን የባሕር ዛፍ ችግኝ በመኪና ተራገፈ፤ ተራራው ላይ ለተከለ ሰው ሁሉ ስንዴ ይሰፈርለታል ተባለ። ሰውየው ስንዴውን ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ ደስታው ልክ አልነበረውም። ምሰሶውን ግን ያን ዕለት ረሳው።

በማግስቱ ከጎረቤቶቹ ጋር መከረ። ተራራው ደን ከለበሰ እነዚህ እርዳታ ሰጪዎች ስንዴያቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ ታዲያ ለምን ይለብሳል? ብልሃቱ ወዲያው ተገኘ። ችግኙ የሚመጣው በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ሲተከል ላስቲኩ ተቀዶ ይጣላል። እነሱ ከነላስቲኩ ይቀብሩት ጀመር። ክረምቱን ለምለም ሆኖ ይቆያል፣ ስንዴው ይሰፈራል። በጋው ሲገባ ሥሩ መውጫ አጥቶ ይደርቃል። በዓመቱ እርዳታ ሰጪዎቹ መጥተው «አፈሩ ነው» ይሉና ሌላ ችግኝ ያመጣሉ። ሰውየው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። ብልጥ ነኝ ባይ!

ሚስቱን ግን ነገሩ አንገፍግፏታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንዴው ተበልቶ ያልቃል። ይህ ጣሪያ በምን ሊቆም ነው?» ትለዋለች።

«ዝም በይ! ችግኙ ቢጸድቅ ምን ልትበይ ነው?»

«አሁንስ የምበላው የኩበት ጭስ አይደል?»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ምሰሶው ተሰበረና ጣሪያው ሚስቱ ላይ ወደቀ። ጎረቤት ተሯሩጦ ሲያወጣት እግሯ ተሰብሮ ተገኘ። ሰውየው እሷን ጎረቤት ቤት አስተኝቶ፣ ድንጋጤ አእምሮውን አስቶት፣ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ተራራው ሮጠ። ምን ሊቆርጥ? በገዛ እጁ ከተከላቸው ጭራሮዎች አንዱን ሲስበው ከነላስቲኩ ተነቅሎ መጣ። ላስቲኩን ቀደደው። ሥሩ መውጫ ሲፈልግ ዙሪያውን ተጠማጥሞ ሞቷል። የመጀመሪያው ዓመት ችግኝ እንኳ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ቤት ያቆም ነበር። ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ምን ነካኝ! ምን ነክቶኝ ነው!» እያለ ጮኸ። ማን ይስማው?

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ገበሬ አንተ ነህ። የእናንተ ችግኝ እኮ ጸድቋል፤ እኔ በዚህ በደከመ ዓይኔ እንኳ ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ! አንተ ግን ደርቋል ልትል ነው። ከዚያስ? እርዳታ ሰጪዎቹ ሊያዩ ሲመጡ ምን ልታሳያቸው ነው? ውሸትህ እውነት እንዲመስል ሄደህ ትነቅለዋለህ፤ ሌላ ምን ታደርጋለህ? ስንዴው ዛፉ እስኪያድግ የሚያቆያችሁ ስንቅ ነበር። መንገደኛ ስንቁ እንዳያልቅበት ብሎ ከመንገዱ ይቀራል እንዴ? ኧረ በፈጠረህ!

«ማንን ይጎዳል?» አልከኝ። አንተ ስንዴ ስታስሰፍር ጣሪያው ሥር የሚተኛውን ነዋ! በል ተነሥ፣ ሳይመሽብህ ሂድና ጸድቋል ብለህ ንገራቸው። ስንዴው ይቅር።