የቀንበሩ ጥንድ

ሰውዬው የዕድሜውን እኩሌታ ያረሰ፣ እኩሌታውን የዘመተ፣ በስተርጅና ደግሞ ከአገር ገዥው ሸንጎ ግርጌ ቦታ የተሰጠው ነበር። በዚያ ሸንጎ በማዕረግ ታናሽ የሆነ ቀድሞ፣ ታላቅ በመጨረሻ ይናገራል።

አንድ ቀን ገዥው ደጃዝማች ጓንጉል ለዘመቻው ስንቅ የገበሬው የእርሻ በሬ ሁሉ ይታረድ የሚል ሐሳብ አቀረቡና ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተ ገበሬም ወታደርም ነበርክ። እምቢ ካልክ ጦሬን ታስርባለህ፤ እሺ ካልክ አገርህ ይረግምሃል። በል ተናገር!»

ሽማግሌው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

«ይታረድ ጌታዬ። የወታደርን ረሃብ አውቀዋለሁ። ግን ከርሞም ይታረሳልና ቀንበሩ ጥንድ ይፈልጋል። አንደኛዋ የጌታዬ በቅሎ ትሁን። ከጎኗ ማን እንደሚጠመድ ለመናገር ግን እኔ ታናሹ አልደፍርም፤ በመጨረሻ የሚናገሩት ጌታዬ ይንገሩን።»