ላባ ሰብሳቢው ቁራ

ተረት ተረት ብያችኋለሁ፤ የላም በረቱን እናንተ ጨምሩበት።

ቁራ ሆዬ፣ «ሥራ ሰለቸኝ» ብሎ ሊያርፍ ሐይቅ ዳር ወረደ። ማረፍ ግን የት ያውቅበታል! ከየወፉ ዘር አንዳንድ ላባ እየለቀመ አሸዋው ላይ ይደረድር ጀመር። ርግብ መጥታ፣ «አያ ቁሮ፣ ልጄን እድራለሁና ከድግሴ እንዳትቀር» ብትለው፣ «የርግብ ላባ አለኝ እኮ! መጥቼ ምን ላደርግ?» አላት።

እሜት ኤሊ በዚያ ስታልፍ አየችውና፣ «መቼ ነው የምታርፈው?» አለችው።

«ሁሉም ሲሟላልኝ ነዋ!»

«ታዲያ የቁራ ላባ የታለ?»

ቁራ ክው አለ። ከገዛ ክንፉ አንዱን ነቀለና አጠረበት። ሌላ ነቀለ፣ ጠመመበት። ለሰልፉ የሚመጥን እስኪያገኝ ድረስ ክንፉን መልምሎ ጨረሰው።

«ተሟላ!» ብሎ ጮኸ።

ወዲያው ክረምት ገባና ሐይቁ ገንፍሎ መጣ። ወፎቹ ሁሉ ብር ብለው ሄዱ። ቁራ ግን የላባ ሸክሙን አዝሎ፣ ዳገቱን በእግሩ እየተንፏቀቀ፣ «እሜት ኤሊ፣ በፈጠረሽ፣ ትንሽ ቀስ በይልኝ!» ይላል።

ተረቴን መልሱ፤ ላባውን ግን ለሱው ተዉለት።