ምርቃት የሞላው ስልክና የወለላ ዴስክ

ተረት ልል ነው፤ «የላም በረት» የምትሉትን ግን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለውም። ያለው አንድ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነው።

ስንዱ የምትባል የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዎቿ ልብ ሲመታ እንዲያዩላት። ይህን ያስመኛት የወለላ ነገር ነው። ወለላ ልቧን አሟት ሆስፒታል ከርማ ስትመለስ፣ ልጆቹ «ይጋባል» ብለው ከአጠገቧ ተነሡ፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ ብቻዋን ቀረች። ሰው ያለበት እንዲመስል መጽሐፏን ከጎኗ ታስቀምጣለች። ስንዱ ልብ እንዴት እንደሚሠራ ልታስረዳ በጠመኔ ብትስል፣ ክንዴ የሚባለው ቀልደኛ «ቲቸር፣ ማንጎው ነው የሚመታው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። አልዋሸም፤ ስንዱ ስትስል ሁሉም ነገር ማንጎ ይሆናል።

የልብ ፊልም በፍላሽ ነበራት። ትምህርት ቤቱም ፕሮጀክተር ነበረው፤ ንብረት ክፍል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ከመጣ ጀምሮ የነካው የለም። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ደምሰው ብቻ ዳንቴሉን እያወጡ ያራግፉታል።

«ጋሽ ደምሰው፣ ቁም ሳጥኑን ይክፈቱልኝ» አለቻቸው።

«ማን ሊነካው? አንቺ? የኮምፒዩተር መምህሩ አብሮሽ ካልቆመ አልከፍትም። ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደምሰው ካልከፈቱ ፕሮጀክተሩ አይወጣም፤ ፕሮጀክተሩ ካልወጣ ልብ አይታይም፤ ልብ ካልታየ ወለላ ብቻዋን ትቀመጣለች። ስንዱ ወደ ኮምፒዩተር መምህሩ ሄደች።

መምህር ኤልያብ ገና ከኮሌጅ የወጣ ትሑት ልጅ ነው። «እትዬ ስንዱ፣ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ። ግን የእርስዎ ክፍል ሶኬት ያለው በሩ ጋ ነው፤ ሽቦው አይደርስም። ረጅሙ ማከፋፈያ ካልመጣ ቆሜም ዋጋ የለኝ። እሱ ደግሞ አስካለ ሻይ ቤት ነው ያለው» አላት።

«ምክንያትህ ይኼ ነው ወይስ ማሽኑን ፈርተኸው ነው?»

«ሁለቱም» አለ፤ ልጁ ውሸት አያውቅም።

ማከፋፈያው ካልመጣ ኤልያብ አይቆምም፤ ኤልያብ ካልቆመ ጋሽ ደምሰው አይከፍቱም፤ ጋሽ ደምሰው ካልከፈቱ ፕሮጀክተሩ አይወጣም፤ ፕሮጀክተሩ ካልወጣ ልብ አይታይም፤ ልብ ካልታየ ወለላ ብቻዋን ትቀመጣለች። ስንዱ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደች።

አስካለ የሻይ ማፍያዋን ማከፋፈያው ላይ ሰክታ ብርጭቆ ታጥባለች። «ስንድዬ፣ ነፍሴን ጠይቂኝ፤ ማከፋፈያውን ግን አልሰጥሽም። በምን ላፍላ? በእረፍት ሰዓት ሻይ ያጣ አስተማሪ እንዴት እንደሚያደርገው አንቺው ታውቂያለሽ። አባባ ሽብሩ እንጨት ከፈለጡልኝ በምድጃ አፈላለሁ፤ ያኔ ውሰጂው።»

እንጨት ካልተፈለጠ አስካለ ማከፋፈያ አትሰጥም፤ ማከፋፈያው ካልመጣ ኤልያብ አይቆምም፤ ኤልያብ ካልቆመ ጋሽ ደምሰው አይከፍቱም፤ ጋሽ ደምሰው ካልከፈቱ ፕሮጀክተሩ አይወጣም፤ ፕሮጀክተሩ ካልወጣ ልብ አይታይም፤ ልብ ካልታየ ወለላ ብቻዋን ትቀመጣለች። ስንዱ ወደ ግቢው በር ሄደች።

ዘበኛው አባባ ሽብሩ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን በአውራ ጣታቸው ያሻሉ፤ መጥረቢያው እግራቸው ሥር ተጋድሟል። «ዛሬስ አልፈልጥም፣ ልጄ። እጄ መጥረቢያ ይዞ ልቤ ስልክ ላይ ከሆነ የምፈልጠው እግሬን ነው። ልጄ ሐዋሳ ወልዳ የሕፃኗን ፎቶ ላከችልኝ። ይኸው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይመጣም።»

ስንዱ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ስልክ አዋቂ አይደለችም፤ ይቺን ግን የእህቷ ልጅ አሳይታታለች። ስልኩ እስከ አፉ «እንኳን አደረሰዎ» ሞልቶታል፤ የእንቁጣጣሽ አደይ አበባ፣ የትንሣኤ ሻማ፣ የጎረቤታቸው የሐጂ ኑሪ የዒድ ጨረቃ፣ ሁሉም አለ።

«አባባ፣ ስልክዎ ጠግቧል። እነዚህን ብናጠፋለት ፎቶው ይገባል።»

«ምርቃት ላጥፋ? ሰው ዕድሜ ይስጥህ ብሎኝ እኔ ዕድሜውን ልፋቅ? አላደርገውም።»

እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ። ምርቃቱ ካልጠፋ ፎቶው አይገባም፤ ፎቶው ካልገባ አባባ ሽብሩ እንጨት አይፈልጡም፤ እንጨት ካልተፈለጠ አስካለ ማከፋፈያ አትሰጥም፤ ማከፋፈያው ካልመጣ ኤልያብ አይቆምም፤ ኤልያብ ካልቆመ ጋሽ ደምሰው አይከፍቱም፤ ጋሽ ደምሰው ካልከፈቱ ፕሮጀክተሩ አይወጣም፤ ፕሮጀክተሩ ካልወጣ ልብ አይታይም፤ ልብ ካልታየ ወለላ፣ የእኔ ምስኪን፣ ብቻዋን ትቀመጣለች።

ሌላ ሰው ቢሆን በሽማግሌው ይስቅ ነበር። ስንዱ አልሳቀችም፤ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ሰው ፊት ለፊት ሲመርቅዎ ምን ይላሉ?»

«አሜን ነዋ።»

«ከዚያስ ቃሉን የት ያስቀምጡታል?»

አሰቡ። «የትም። ደረሰ፣ በቃ።»

«ታዲያ ለእነዚህም አሜን ይበሏቸው። ምርቃቱ ደርሶዎታል፤ እዚህ የቀረው ሥዕሉ ነው።»

አባባ ሽብሩ ቆባቸውን አወለቁ። «ዕድሜ ይስጥዎ» ብላ አነበበች። «አሜን» ብለው ራሳቸው አጠፉት። «ከዓመት ዓመት ያድርስዎ።» «አሜን።» የሐጂ ኑሪን ጨረቃ ሲያጠፉ ሁለት ጊዜ አሜን አሉ፤ የጉርብትና ነው። እንዲህ እያሉ ሳለ ፎቶው ከተፍ አለ፤ በፎጣ የተጠቀለለች፣ የምታዛጋ ሕፃን።

«አፍንጫዋ የእኔ ነው። እግዜር ይርዳት» አሉና ዓይናቸውን ጠርገው መጥረቢያውን አነሡ።

ምርቃቱ አሜን ተባለ፤ ፎቶው ገባ፤ አባባ ሽብሩ እንጨት ፈለጡ፤ አስካለ ማከፋፈያውን ሰጠች፤ ኤልያብ ሊቆም መጣ፤ ጋሽ ደምሰው ከፈቱ፤ ፕሮጀክተሩ ዳንቴሉን አውልቆ ወጣ።

ኤልያብ ክፍል ውስጥ ሽቦውን ሁሉ ሰካክቶ ሲያበቃ እጁን ሰበሰበ። «ማብሪያውን እርስዎ ይጫኑት።»

«ባበላሸውስ?»

«አብረን እናስተካክለዋለን፣ እትዬ። ዛሬ እኔ ከተጫንኩት ነገም እኔን ይጠብቃሉ።»

ስንዱ «አሜን» ብላ ተጫነችው።

ግድግዳው ላይ ልብ መታ። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ስንዱ በልብ ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮችን እያሳየች፣ «የወለላ ልብ አንዷ በር ጥብቅ ብላ አትዘጋም። ስለዚህ ልቧ ከእናንተ ልብ ይበልጥ ይለፋል። የማትዘጋ በር ደግሞ ወደ ሰው አትጋባም» አለቻቸው።

ክንዴ ፊልሙን እስኪያልቅ አየ። ቀልድም አልመጣለትም። ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተነሣና ወለላ ዴስክ ጋ ሄዶ ቆመ።

«ጠጋ በይ» አላት።

ወለላ መጽሐፏን አነሣች።

እናንተም ተረቴን መልሱልኝ፤ ፕሮጀክተሩን ግን ወደ ቁም ሳጥኑ እንዳትመልሱት።