ያልተከፈተችው ፖስታ

አንድ ለምርምር የሚቀመጡ የደረቁ ዕፅዋት ቤት ጠባቂ የቁም ሣጥኑን በር በጀርባው ደግፎ «አይቆረጥም ብያለሁ፣ አይቆረጥም!» ይላል። ፊት ለፊቱ የቆመችው ተመራማሪ ሐመልማል መቀሷን ከኋላዋ ደብቃ «ጋሽ ደግፌ፣ የጥፍር ታህል እኮ ናት» ትለዋለች።

«ዛሬ የጥፍር ታህል፣ ነገ የመዳፍ ታህል። ከነገ ወዲያ ባዶ ወረቀት ታስረክቡኛላችሁ!»

ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ ከየአገሩ ተለቅመው፣ በጋዜጣ መሐል ደርቀው፣ ወፍራም ወረቀት ላይ ከተለጠፉት ቅጠሎች አንዱን እንኳ ብል አላስነካም። መስኮት ሲከፈት ይቆጣል። ሰው ሊያስነጥስ ሲል «ወደ ውጭ!» ይላል።

የተጣሉባት ቅጠል የእንሰት ቅጠል ነበረች። ጥግ ይዘው የተቀመጡት ወይዘሮ ተረፈችም ከገጠር የመጡት ለዚያችው ቅጠል ነው። የጓሯቸውን እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጨርሶባቸዋል። ድሮ አማታቸው የሚተክሉት፣ በሽታው የማይደፍረው አንድ ዝርያ ነበር። አሁን ሁለት ጎረቤቶች «የአማትሽ እንሰት እኔ ጋ ያለው ነው» እያሉ በየፊናቸው ይምላሉ። ሁለቱ እንሰቶች ደግሞ ለዓይን አንድ ናቸው። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ወይዘሮ ተረፈች የተሳሳተውን ከተከሉ የቤተሰቡ የዓመታት ምግብ እንደገና ይጠወልጋል።

ሐመልማል ይህን ሰምታ የቤቱን መዝገብ ስታገላብጥ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ከአማታቸው ጓሮ የተወሰደ ቅጠል አገኘች። ቅጠል ቢደርቅም ዲኤንኤው፣ ተክሉ ከእናቱ የወረሰው መለያ፣ በውስጡ ይቆያል። ከደረቀው ቅጠል ትንሽ ተወስዶ ከሁለቱ ጎረቤቶች እንሰት ጋር ቢተያይ ዕውነተኛው ይለያል። ጠባቂው ግን በሩን አልለቅም አለ።

ጠቡ ሲረዝምባቸው ወይዘሮ ተረፈች ከወንበራቸው ተነሡ።

«ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ቅጠል የምትጠብቀው ለማን ነው?»

«ኋላ ለሚመጣ ሰው ነዋ፣ እናቴ!»

«ታዲያ መጣሁ እኮ!»

ሐመልማል ሳቋ አመለጣት። ጠባቂው ከበሩ ዞር አለ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው።

«ማየት ብቻ ነው» አለ። «መቀሷ ከበር ውጭ ትቆይ።»

ወረቀቱ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ፖስታ ተለጥፋ ነበር።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አሉ ወይዘሮ ተረፈች።

«ፖስታ ናት። ብዙዎቹ ላይ አለች።»

«ውስጧስ?»

«እኔ እንጃ። ከፍቻት አላውቅም።»

«በሃያ ሁለት ዓመት?»

«አደራ ተከፍቶ ይታያል እንዴ?»

ሐመልማል ፖስታዋን ቀስ አድርጋ ከፈተቻት። ቅጠሉ ሲለጠፍ የተሰበሩ ፍርፋሪዎች ነበሩባት። በውስጠኛው ገጽ ላይ ቅጠሉን ያመጣው ሰው በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ለምርመራ የሚፈልግ ከዚህ ይውሰድ። ዋናው አይቆረጥ።»

ጠባቂው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። አንገቱን አከከ።

«ቢሆንም በደንብ ጠብቄያታለሁ» አለ።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ወይዘሮ ተረፈች፤ ሦስቱም ሳቁ።

ፍርፋሪው ከሁለቱ ጎረቤቶች እንሰት ጋር ተመርምሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። የአማታቸው እንሰት አቶ ንዳ ጋ ያለው ሆነ፤ ወሬ ያበዛሉ ተብሎ ማንም የማያምናቸው ጎረቤት! አቶ ንዳ ችግኙን ቆጥቆጥ ሳይላቸው ሰጡ። «ቅጠል መሰከረልኝ!» እያሉ መንደሩን መዞር ግን እስከ ዛሬ አልተዉም።

ወይዘሮ ተረፈች ችግኙን ተክለው ሲጨርሱ፣ ከእርሱ የተቆረጠ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው ወደዚያ ቤት ተመለሱ። «እንካ፤ ኋላ ለሚመጣ» አሉት።

መጠበቅ ትልቅ ሥራ ነው፤ ያ ጠባቂ ባይኖር ፍርፋሪዋም አትገኝም ነበር። ነገር ግን ለምን እንደምንጠብቅ ስንረሳ፣ አደራውን ታቅፈን የአደራውን ባለቤት ከደጅ እንመልሳለን። እኛስ «ኋላ ለሚመጣ» ብለን የቆለፍንበት፣ ሰውየው መጥቶ በር ላይ የቆመበት ነገር የለን ይሆን?

ጠባቂው ግን ይህን ሁሉ ምክር አልተናገረም። ቅጠሉን ተቀብሎ አደረቀው፤ የተሰበረውን ቁራጭ በአዲስ ፖስታ ከተተ፤ በላዩም በእርሳስ «ይከፈት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሐመልማል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «እኔ ሳልኖር ሰው ከመጣ ክፈቺለት» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።