ወንዝ የተሻገረው ጎረቤት

አንድ ሰው ነበረ። እግዚአብሔርን ይወዳል፤ የጎረቤቱን ዓይን ግን ማየት አይፈልግም።

አዎ ልጄ፣ ላንቺው ነው የምነግርሽ። «አባቴ፣ እግዚአብሔርን ከወደድኩ አይበቃም ወይ? ከዚያች ሴት እንዳልገናኝ ወደ ሌላ ደብር ልሂድ፣ ይፍቀዱልኝ» ስትዪኝ ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ያለፉትን በትዕግሥት መለስኩልሽ። አሁን ግን ደከመኝ። ተቀመጪና ስሚ።

ሰውየው ጾም አይገድፍም፣ ቅዳሴ አያስታጉልም። መቋሚያውን ተደግፎ ሲቆም ያየው ሁሉ ይቀናበታል። የጠቡን ነገር ብነግርሽ ግን ትስቂያለሽ። የጎረቤቱ ዶሮ በአጥር ሾልካ ገብታ የበርበሬ መደቡን ጫረችበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ዶሮዋ ከታረደች ቆይታለች፤ ጠቡ ግን ዛሬም እንቁላል ይጥላል። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። የንስሐ አባቱ መከሩት፣ አልሰማም። በመጨረሻ «እሱ በሚሳለምበት ደጅ አልሳለምም» አለና አፍንጫው ሥር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ትቶ ከወንዝ ማዶ ወዳለው መመላለስ ጀመረ። ለሰው ሲናገር ግን «ለእግዚአብሔር ብዬ ነው የምደክመው» ይላል። እግዚአብሔር ድከም ያለው ይመስል።

ክረምት ገባና ትንሿ ልጁ ታመመች። ትኩሳቱ አልለቃት አለ፤ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። ሲነጋ ሚስቱ «ጠበሉ እዚሁ ደጃችን ነው፤ ቶሎ ቀድተህ ና» አለችው።

«እዚያ እሱ አለ» አላት።

«ቢኖርስ? ይበላሃል?»

ሰውየው ልጁን እንደ ነፍሱ ይወዳታል። ቢሆንም ቅሉን በአንድ እጁ፣ መቋሚያውን በሌላው ይዞ ወደ ማዶ ወረደ። እልኸኛ ሰው ለልጁም አይራራም።

ጠበሉን ቀድቶ ሲመለስ ከላይ በኩል ዘንቦ ኖሮ ጠዋት እስከ ጉልበቱ የነበረው ወንዝ ደፍርሶ ሞልቷል። ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ብቻውን የሚገባ የለም፤ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚሻገረው። ሰው ፍለጋ ዞር ቢል ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አየ። ጎረቤቱ ነበር። ለካ እሱም ከሰውየው ላለመገናኘት ብሎ በዚያው ሰሞን ማዶውን መርጧል።

ምን ያደረጉ ይመስልሻል? ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ያዙ። ውሃው እየጨመረ ነው፤ ልጅቷ እቤት በትኩሳት ትነዳለች፤ እነሱ ይኮራረፋሉ። መንገደኛም አልመጣ። ሰውየው የልጁ ማቃሰት ጆሮው ላይ ቀርቶ መቀመጥ ሲያቅተው ተነሣና መቋሚያውን ወደ ጎረቤቱ ዘረጋ። እጁን አይደለም፣ መቋሚያውን። እጁን ላለመስጠት። ጎረቤቱም የመቋሚያውን ጫፍ ጨበጠና ወደ ውሃው ገቡ።

መካከል ሲደርሱ የጎረቤቱን እግር ድንጋይ አዳለጠው። የጨበጠው ጫፍ ከእጁ ወጣ፤ ውሃው አነሣው። ሰውየው መቋሚያውን ተክሎ ባለበት ቆመ። መቋሚያውን ከለቀቀ ሁለቱም ይወሰዳሉ። የቀረው ሌላው እጁ ነው፤ በዚያ ደግሞ የልጁን ጠበል፣ የወንዝ ውሃ እንዳይነካው ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዟል። ልጁ ትዝ አለችው። ጎረቤቱን አየው። ቅሉን ለቀቀና ክንዱን ያዘው።

እየተጎተቱ ዳር ሲወጡ ቅሉ ከዓይን ርቋል። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«ለልጅቷ ነበር አይደል?» አለው ጎረቤቱ።

«መታመሟን ማን ነገረህ?»

«በመካከላችን ያለው እኮ አንድ አጥር ነው። ሌሊቱን ሁሉ ስታቃስት ሰማኋት። በደጅህ መግባት አቃተኝና ማዶ ሄጄ ስለት ተሳልኩላት።»

ይህን ልብ በዪልኝ። አጥር አልፎ «እንዴት አደረች?» ማለት ያቃተው ሰው ወንዝ ተሻግሮ ተሳለላት። ያኛው ደግሞ ደጁ ያለውን ጠበል ትቶ የማዶውን ሊቀዳ ወንዝ ተሻገረ። ሁለቱም እግዚአብሔርን ይወዳሉ፣ አልዋሹም። ግን እግዚአብሔር ደጃቸው ላይ ሲጠብቃቸው እነሱ ማዶ ይፈልጉታል። ይህ አያናድድም? እኔን ያናድደኛል።

ከዚያማ ከነርጥብ ልብሳቸው ሚስቲቱ ወዳመለከተችው፣ ወደ ደጃቸው ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። ጎረቤቱ ከቤቱ ሌላ ቅል አመጣ፤ ሰውየው ቀዳ። ልጅቷ ስትጠጣ አንዱ ራሷን ደገፈ፣ አንዱ ውሃውን ያዘ። ተሻላት ወይ እንዳትዪኝ፤ ተሽሏታል፤ ግን ጥያቄሽ እሱ አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ ሁለት ትእዛዝ ነው ብለሽ አንዱን ይዘሽ አንዱን ልትመልሺ መጣሽ፤ ገበያ መሰለሽ። ሰውየው ጠበሉን የለቀቀ ጊዜ እግዚአብሔርን የተወ መስሎት ነበር ያለቀሰው። እኔ ግን ያን ያህል ዘመን በመቋሚያ ሲቆም ከኖረው ይልቅ፣ እግዚአብሔርን የወደደው ያኔ ወንዙ መካከል ነው እላለሁ።

ፈቃድ ፈልገሽ አይደል የመጣሽው? ፈቅጄልሻለሁ። ወደምትወጂው ደብር ሂጂ። ነገር ግን ከቤትሽ ስትወጪ መጀመሪያ የምታገኚው የዚያችን ሴት ደጅ ነው። ትናንት ለቅዳሴ ስላጣኋት ሰው ልኬ ነበር፤ ከተኛች ሰነበተች አሉኝ። አንቺ አጥር ለአጥር ሆነሽ ሳታውቂ አትቀሪም። ተነሺ፣ እዚያ ገብተሽ እንዴት እንዳደረች ጠይቂያት፤ ስለ ደብሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።