የባሕር አበባ በቢሾፍቱ

በአንድ ወቅት፣ ባሕር በሌለባት ቢሾፍቱ፣ ባሕርን ሳሎናቸው ውስጥ የሚያኖሩ ሰው ነበሩ። ባሻ ንጋቱ ይባላሉ። ከባሕር ኃይል በጡረታ ከወጡ ወዲህ በመስታወት ገንዳ፣ በጨው ውኃ፣ ጥቂት ዓሦችና ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር የባሕር እንስሳ፣ አንዲት ሐምራዊ ኮራል፣ ያኖራሉ። ኮራሏን ሟች ባለቤታቸው እንደ ልጅ ይወዷት ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ባሻም ዓይናቸው ከእርሷ አይነቀልም።

አንድ ቀን ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ አበባ የሚመስል ቡናማ እንስሳ፣ የባሕር አበባ የሚሉት፣ በቀለ። ባሻ «በራሱ የመጣ እንግዳ አይባረርም» ብለው አበሉት። እንግዳው ግን ዘመድ አዝማዱን ይዞ ገንዳውን ወረረ። ክንዶቹ ይናደፋሉ፤ ኮራሏን እየለበለቡ አኮማተሯት።

ያን ሰሞን ሦስቱ ልጆቻቸው «አባባ ከእኔ ጋር ይኑሩ» እያሉ ይጣሉ ነበር። ባሻ ሰለቻቸውና «ኮራሏን ያዳነ ከነገንዳዬ ይውሰደኝ» አሉ። ወዲያው ቆጫቸው። ማንን ሊያስከፉ ነው?

ትልቋ ውድነሽ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ባይ ናት። ኮራሏን ወደ ሌላ ዕቃ አዛወረችና አበቦቹን በቢላዋ ከታተፈቻቸው። «ቀስ በይ ልጄ» ቢሏት ማን ሰምቶ! የዚህ አበባ ጉዱ ቁራጩ ሁሉ መብቀሉ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነና ገንዳውን ደቃቅ አበባ ሞላው። ውድነሽ አለቀሰች፤ ባሻ ከመስኮት ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መስኮት ሲንቆራጠጡ ሰነበቱ።

መካከለኛው ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ታረቀኝ፣ አበባ የሚበላ ቢጫ ዓሣ ከጅቡቲ አመጣ። በዚያ ሐሩር እርሱ ውኃ ሳይጠጣ ለዓሣው ባልዲ በረዶ ይገዛ ነበር። ዓሣው ደቃቆቹን ለቅሞ ጨረሰ። ኮራልም ይወዳል፤ ውድነሽ ባታነሣት ኖሮ ቁርሱ ነበረች። ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸጉትን ትልልቆቹን ግን ዞር ብሎም አላያቸው። ታረቀኝም ወደ ባሕሩ መለሰው።

ትንሿ ብርቄ ነርስ ናት። የሎሚ ጭማቂ በመርፌ ይዛ የእያንዳንዱን አበባ አፍ ወጋች። ሲነካ ይደበቃል፤ እስኪወጣ ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። አንድም አላስቀረች። ግን ሎሚው በዛና ባሻ ከእጃቸው የሚያጎርሱት ብርቱካናማ ዓሣ ሞተ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«ምን ታደርጊ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

ኮራሏ ወደ ገንዳዋ ተመልሳ ተከፈተች። ክርክሩም አብሮ ተከፈተ።

«እኔ ባላነሣት ምኗ ይድን ነበር?» አለች ውድነሽ።

«ያንን ሁሉ ደቃቅ በመርፌ ማን ይጨርሰው ነበር?» አለ ታረቀኝ።

«ትልልቆቹ ቢቀሩ መልሰው አይወርሱትም ነበር?» አለች ብርቄ።

ጎረቤት «በየተራ ይጡሯቸው» ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ገንዳው ከአንድ ጉዞ በላይ አይችልም፣ ባሻም ያለገንዳው አይሄዱም። የሚወስዳቸው መኪና ደጅ ቆሟል። ባሻ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ሦስቱም ልጆች እጃቸውን ዘረጉላቸው። አንዱ የባሻ እጅ ከዘራ ይዟል፤ ባዶው አንድ ብቻ ነው።

እስቲ ፍረዱ፤ በባሻ ቦታ ብትሆኑ የማንን እጅ ትይዙ ነበር?